ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የሥራ ምርታማነት ጥያቄ

አንድ ሠራተኛ በአንድ የሥራ ቀን ምን ያህል ፍሬ ያስገኛል? የፍሬውስ መጠን ከሀገር ሀገር የሚለያየው በምን ምክንያት ነው? እነዚህን ጥያቄዎች አንሥተው በአማርኛ በስፋት ከመረመሩ ቀደምት ኢትዮጵያውያን መካከል ግንባር ቀደሙ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው በምጽዋ አቅራቢያ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም ወደ አውሮፓ በሚጓዝ መርከብ ላይ ተደብቀው ባሕር ተሻገሩ፤ በኦስትሪያ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደጋቸው፤ በጀርመንም ተማሩ። በበሬና በክንድ ኃይል ብቻ ከሚመረትበት ምድር የወጣው ልጅ በእንፋሎትና በብረት የሚንቀሳቀስ ኢንዱስትሪ መካከል አደገ። የኋላ ሐሳባቸው መነሻ ከዚህ ንጽጽር የሚርቅ አይመስለንም።

ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። በ1912 እ.ኤ.አ. አሥመራ ላይ በታተመው «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ጽሑፋቸው ወታደሩ በገበሬው ጫንቃ ላይ መኖሩን በብርቱ ነቀፉ፤ ግብሩ መጠኑ ታውቆ በገንዘብ እንዲከፈል፣ በሀገሪቱም አንድ ዓይነት ገንዘብ እንዲኖር ጠየቁ። ይህ የምርታማነትም ጉዳይ መሆኑ አይዘነጋም። ትርፍ ባመረተ ቁጥር ትርፉ የሚነጠቅበት አምራች ትርፍ ለማምረት የሚተጋበት ምክንያት የለውምና።

በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። በዚያ ሐዲድ ላይ ቡናና ቆዳ ይወርዳል፤ የተሸመነ ጨርቅና የብረት ዕቃ ይወጣል። ሌላው ሹም ቀረጡን ሲቆጥር፣ እርሳቸው በዕቃው ውስጥ የተደበቀውን የሥራ ጊዜ ቆጠሩ። ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሠራውን፣ ዕውቀት ያነሰው ሕዝብ ብዙ ቀን በደከመበት ይለውጣል። እንግዲህ ንግዱ በሰፋ መጠን፣ ዕውቀት ካልተከተለው፣ ባቡሩ የሀገርን ጥሪት ማጓጓዣ ከመሆን አያልፍም። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ዋና ሥራቸው ካቀፋቸው ሐሳቦች ዐቢዩ ይህ ነው።

ሐሳቡን ከሐዲዱ ርቆ ወደሚገኘው የጎጃም ደጋ ወስዶ መፈተን ይቻላል። በእነርጅ እናውጋ ወረዳ በምትገኘው ደብረ ወርቅ ዙሪያ ያለ ገበሬ ጤፍ ለመዝራት ማሳውን አራትና አምስት ጊዜ በጥማድ በሬ ያርሳል። ሚስትና ልጆች ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ከዚያ አጨዳው፣ ክምሩ፣ በአውድማ ላይ በበሬ ማበራየቱ ይከተላል። በአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ ያለውን የመላው ቤተሰብ የሥራ ቀን ደምረን፣ ገበሬው ጤፉን ሸጦ ከሚገዛው የቤት ክዳን ቆርቆሮ ጋር እናስተያየው። ቆርቆሮው ከመኪና የሚወጣው በደቂቃዎች ነው። ነጋድራሱ በድሬዳዋ ያዩት ልውውጥ በማንኛውም የገጠር ገበያ ይገኛል ማለት ነው።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በስፋት የተቀሰቀሰው ጤፍን በመስመር የመዝራት ዘዴም በዚሁ ሚዛን መመዘን ይኖርበታል። በብተና ለአንድ ሄክታር 30 ኪሎ ያህል ዘር ሲፈስ፣ በመስመር 5 ኪሎ ገደማ ይበቃል፤ ቡቃያው አይተፋፈግም፤ ከመሬቱ የሚገኘውም ምርት ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን መስመር አውጥቶ ያችን ደቃቅ ዘር በእጅ መጣል እጅግ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ የሄክታሩ ምርት ጨምሮ የአንድ የሥራ ቀን ምርት ባለበት ሊቆም፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ተገኘ ብሎ የሚያቆም ሪፖርት፣ በእኛ ግምት፣ ግማሽ ሪፖርት ነው። መስመሩን የሚያወጣና ዘሩን የሚጥል ቀላል መሣሪያ ከዘዴው ጋር ካልመጣ፣ የአዲሱ ዘዴ ዕዳ በሴቶችና በልጆች ወገብ ላይ ያርፋል።

መሣሪያውንስ የሚሠራው ማን ነው? ማረሻውን የሚቀጠቅጠው ባለ እጅ ቡዳ እየተባለ ሲገለል፣ ከገበታም ሲርቅ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ዘልቋል። የእርሻ መሣሪያ ሠሪውን የሚያዋርድ ማኅበረሰብ ማረሻው ከዘመን ዘመን ሳይለወጥ ቢቆይ ሊደንቀው አይገባም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት 33 ዓመት ሳይሞላቸው በ1911 ዓ.ም. ዐረፉ። ዋናው መጽሐፋቸው የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ ወጣ። በበለጸጉና በደኸዩ ሀገሮች መካከል ስላለው የተዛባ ልውውጥ የላቲን አሜሪካ የኢኮኖሚ ሊቃውንት መጻፍ የጀመሩት እርሳቸው ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነበር።