ቂም ያልያዘችው ባኪታ

የዕለቱ ንባብ፦ ሮሜ 12፥17-21



ባኪታ እ.ኤ.አ. በ1869 ገደማ ዳርፉር ውስጥ ተወለደች። ገና ልጅ ሳለች ባሪያ ፈንጋዮች ጠልፈው ወሰዷት። ከድንጋጤዋ ብዛት ወላጆቿ ያወጡላትን ስም እንኳ ረሳችው። ባኪታ ብለው የሰየሟት ጠላፊዎቿ ናቸው፤ ዓረብኛ የምትሰሙ እንደምታውቁት ዕድለኛ ማለት ነው። እየደጋገሙ ሸጧት። በአንድ የቱርክ ጄኔራል ቤት ሳለች ሰውነቷን 114 ቦታ በስለት ተልትለው ቁስሉ ላይ ጨው ነሰነሱበት። ጠባሳው እስክትሞት አልለቀቃትም።

በ1883 ካርቱም ውስጥ የጣልያን ቆንስል የነበረው ካሊስቶ ሌኛኒ ገዛት። ካርቱም ሁለት የኖራችሁ ሁሉ የምታውቋት ያቺ ከተማ ባኪታ ከአለንጋ ያረፈችባት ሆነች። የማህዲ ጦር ወደ ካርቱም ሲቃረብ በሱዋኪን በኩል ወጥታ በ1885 ጣልያን ገባች። እዚያም ለሌላ ቤተሰብ ተሰጥታ ልጅ ታሳድግ ጀመር።

ቬኒስ ከተማ መነኮሳት ዘንድ ወንጌል ስትማር እመቤቷ ወደ ሱዳን ልትመልሳት መጣች። ባኪታ ግን አልሄድም አለች። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ኅዳር 29 ቀን 1889 እ.ኤ.አ. ነጻ ሰው መሆኗ ተፈረደላት። በማግስቱ ዓመት በጥር ተጠምቃ ጆሴፊን ተባለች፤ ኋላም መነኮሰች። ስኪዮ በምትባል ከተማ ምግብ ስታበስል፣ ስትሰፋ፣ በር ላይ እንግዳ ስትቀበል ኖራ በ1947 ዐረፈች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2000 ቅድስት ብላታለች።

ጠላፊዎቿን ብታገኝ ምን እንደምታደርግ አንድ ጊዜ ተጠይቃ፣ ተንበርክካ እጃቸውን እንደምትስም ተናገረች፤ በዚያ መንገድ ባታልፍ ክርስቶስን አታውቀውም ነበርና።

ልብ እንበል። ባኪታ የደረሰባትን አልደበቀችም፣ ክፉውንም መልካም አላለችም። ወደ ባርነት ተመለሺ ስትባልም እንቢ ብላለች። ሐዋርያው ጳውሎስ ከሰው ጋር በሰላም እንድንኖር ሲመክረን የሚጠይቀን በእኛ በኩል ያለውን ነው። ለበደል መገዛትን አይጠይቀንም። በቀልን ለእግዚአብሔር መተውን ግን ይጠይቀናል።

ከመካከላችን ደላላ እጅ ወድቆ፣ ቤተሰቡ ንብረት ሸጦ ያስለቀቀው አለ። በጦርነቱ ወንድሙን ያጣ፣ አሁን ደግሞ ከወዲያኛው ወገን የመጣ ሰው ጎረቤት የሆነው አለ። ይህ ቁስል በአንድ ስብከት አይሽርም። የውሃ ወረፋ ላይ በተነሳ ጭቅጭቅ ከተኳረፍነው ሰው ጋር መታረቅ ግን ዛሬ ይቻላል። እሱ ይቅደም እያልን ስንት ወር አለፈ? በዚህ ሳምንት እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ቀድመን ሰላም እንበለው። እሱ ባይመልስ እንኳ በእኛ በኩል ያለውን አድርገናል።

ጌታ ሆይ፣ ቁስላችንን ፈውስ፤ ልባችንንም ከቂም አንጻ። አሜን።