ፔተር ፎርስኮልና የቀይ ባሕር ዳርቻ መዝገብ

የሱዌዝ ቦይ በ1869 ዓ.ም. ተከፍቶ ቀይ ባሕርንና የሜዲተራኒያንን ባሕር ባገናኘ ጊዜ የሥራው ዓላማ ለመርከቦች አጭር መንገድ መክፈት ነበር። ይሁን እንጂ መርከቦቹ ባለፉበት ውሃ አሣዎችም፣ ሸርጣኖችም፣ የባሕር ዕፅዋትም አለፉ፤ እስከ ዛሬም በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች ወደ ሜዲተራኒያን ገብተዋል። ይህን ለውጥ ለመለካት የሚነሣ ተመራማሪ ሁሉ ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት በየትኛው ባሕር ምን ይኖር እንደ ነበረ ማወቅ ይኖርበታል። ለዚህ ጥያቄ ከሚገኙት ጥንታውያን መልሶች ዋነኛው፣ ቦዩ ከመከፈቱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በሁለቱም ባሕሮች ዳርቻ እየተዘዋወረ ያየውን የጻፈው የፔተር ፎርስኮል መዝገብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፎርስኮል በ1732 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ከተማ ተወለደ። በዚያን ዘመን ፊንላንድ የስዊድን መንግሥት ክፍል ነበረች። አባቱ የሉተራን ቄስ ነበሩ። ገና በአሥር ዓመቱ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ፤ በኋላም በዚያው የታላቁ የዕፅዋት ሊቅ የካርል ሊኔየስ ደቀ መዝሙር ሆነ። ከዚያም ወደ ጀርመን ተሻግሮ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍናንና የምሥራቅ ቋንቋዎችን ተማረ፤ በ1756 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ዕፅዋትን መመደብና ዐረብኛን ማንበብ በአንድ ሰው መገናኘታቸው ኋላ ለሠራው ሥራ መሠረት ሆነ።

ጠባዩ የማይበገር ነበር። በ1759 ዓ.ም. ስለ ዜጎች ነፃነት አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳትሞ 500 ቅጂዎችን አሠራጨ። መንግሥት መጽሐፏ እንድትሰበሰብ አዘዘ፤ የመሰብሰቡም ሥራ የወደቀው የዩኒቨርሲቲው ሬክተር በነበረው በመምህሩ በሊኔየስ ላይ ነበር። የተመለሱት ቅጂዎች ግን ከመቶ ያነሱ ነበሩ። ስዊድን የጽሑፍ ነፃነትን በሕግ ያወጀችው በ1766 ዓ.ም. ሲሆን ፎርስኮል ይህን ለማየት አልታደለም።

በዚሁ ወቅት የዴንማርክ ንጉሥ ፍሬድሪክ 5ኛ በጎቲንገኑ መምህር በሚኻኤሊስ አሳሳቢነት ወደ ዐረብ አገር የሚሄድ የጥናት ቡድን አቋቁመው ነበር። ለቋንቋ ጥናት ፎን ሀቨን፣ ለሕክምና ክራመር፣ ለሥዕል ባውረንፋይንድ፣ ለካርታና ለሥነ ፈለክ ልኬት የመሐንዲስ መቶ አለቃ የነበረው ካርስተን ኒቡር፣ ለዕፅዋትና ለእንስሳት ጥናት ደግሞ ፎርስኮል ተመረጡ። ከአንድ አገልጋይ ጋር ስድስት ሆነው በጃንዋሪ 1761 ዓ.ም. በአንድ የጦር መርከብ ከኮፐንሀገን ተነሡ።

ፎርስኮል ሥራውን ለመጀመር ዐረብ አገር እስኪደርስ አልጠበቀም። በማርሴይ አካባቢ፣ በማልታ፣ በቁስጥንጥንያና በእስክንድርያ መርከቡ በቆመበት ሁሉ ወደ የብስ እየወረደ ዕፅዋትን ሰበሰበ፤ ከባሕሩም ያገኘውን መዘገበ። በግብፅ አንድ ዓመት ያህል ሲቆዩ የገበሬ ልብስ ለብሶ ወደ ገጠር ይወጣ ነበር። ቢሆንም ከዘራፊዎች እጅ አላመለጠም፤ በአንድ ጊዜ እስከ ሱሪው ድረስ ተገፎ እንደ ተመለሰ ይነገራል።

በኦክቶበር 1762 ዓ.ም. ቡድኑ ከሱዌዝ ተሳፍሮ በሲና ዳርቻ በምትገኘው በቶር በኩል ወደ ጅዳ ወረደ። በጅዳ ስድስት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ የየመን ወደብ ከሆነችው ከሉሐያ ደረሰ። የፎርስኮል ታላቅ ሥራ የተሠራው በእነዚህ ጥቂት ወራት ነው። አሠራሩም ሥርዐት የያዘ ነበር። አንድ አሣ በተገኘ ጊዜ የሰውነቱን ቀለም ይጽፋል፤ የክንፎቹን እሾሆችና ጨረሮች ይቈጥራል፤ የተገኘበትን ቦታና የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም ይመዘግባል። ከዚያም አሣውን ለሁለት ከፍሎ የአንዱን ጎን ቆዳ ከነቅርፊቱ ይገፍና እንደ ተክል ቅጠል በወረቀት ላይ ለጥፎ ያደርቀዋል። በአልኮል የተሞላ ዕቃ በቀላሉ በሚሰበርበት ጉዞ ይህ ዘዴ እጅግ የሚጠቅም ነበር።

ለአገሬው ስም የሰጠው ክብር የተለየ ነው። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት ለአዲስ ፍጡር ስም ሲፈልጉ ብዙውን ጊዜ ወደ ላቲንና ወደ ግሪክ ይሄዱ ነበር። ፎርስኮል ግን ዐረብኛውን ስም ሳይንሳዊ ስም አደረገው። ሐሪድ፣ ቦሐር፣ ዐስፉርና አቡደፍዱፍ የተባሉት የቀይ ባሕር አሣዎች ስሞች እስከ ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራባቸዋል። በጨዋማ የባሕር ዳር መሬት ላይ ለሚበቅለው ሱኤዳ ለተባለው የቁጥቋጦ ወገንም ስሙን ያወጣለት ከዐረብኛ ነው።

ከዳርቻው ዕፅዋት ሁሉ ለመሐንዲስ ትኩረት የሚገባው ግን የአገሬው ሰዎች ሹራ የሚሉት የማንግሮቭ ዛፍ ነው። ፎርስኮል ይህንኑ ስም ተከትሎ ስኬውራ ማሪና አለው፤ ዛሬ አቪሴኒያ ማሪና ይባላል። ይህ ዛፍ ሥሩ በጨው ውሃ ተውጦ ይኖራል። ከጭቃው ወደ ላይ በሚያወጣቸው ቀጥ ያሉ ሥሮች አየር ይስባል፤ ያስገባውን ጨው በቅጠሉ በኩል ያስወግዳል። ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ሁሉ የማዕበሉን ጉልበት ያበርዳል፤ ደለሉንም ይይዛል። በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ በምፅዋ አካባቢና በዳህላክ ደሴቶችም ይገኛል። ፎርስኮል ወደዚህኛው ዳርቻ ባይሻገርም፣ ከየመን ደጋ የገለጠው ሌላ ተክል ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ይኸውም ጫት ነው። ካታ የሚለው የተክሉ ሳይንሳዊ ስምም ከእርሱ ጽሑፍ የመጣ ነው።

የየመን ጉዞ በመከራ ተደመደመ። በሞካ ወደብ የጉምሩክ ሹማምንት አሣዎቹ በአልኮል የተቀመጡበትን ዕቃ በከፈቱ ጊዜ ክፉ ሽታ ወጣ፤ እባቦች ያሉበትም ማሰሮ በመገኘቱ እንግዶቹ መርዝ ይዘው መጡ ተብለው ተጠረጠሩ። በሜይ 1763 ዓ.ም. ፎን ሀቨን በዚያው በሞካ ሞተ። የቀሩት ወደ ሰንዓ ሲያመሩ ፎርስኮል በኃይለኛ ትኩሳት ተያዘ። ሕመሙ ወባ እንደ ነበረ ይታመናል። ጁላይ 11 ቀን 1763 ዓ.ም. ያሪም በተባለች ከተማ በ31 ዓመቱ ዐረፈ። ሥዓሊውና አገልጋዩ ወደ ቦምባይ ሲጓዙ በባሕር ላይ፣ ሐኪሙም ከቦምባይ ከደረሰ በኋላ ሞቱ። ከስድስቱ የተረፈው ኒቡር ብቻ ነበር።

ኒቡር ወደ ኮፐንሀገን የተመለሰው በ1767 ዓ.ም. ነው። ጉዞውን ያዘዙት ንጉሥ ሞተዋል፤ አስቀድሞ ከተላኩት ናሙናዎች ብዙዎቹ ተበላሽተዋል። የፎርስኮል ሥራ የቀረው በጥቃቅን ወረቀቶች ላይ በተጻፈ ማስታወሻ ነበር። ኒቡር መሐንዲስና የካርታ ሰው እንጂ የተፈጥሮ ሊቅ አልነበረም፤ የራሱም የቀይ ባሕርና የየመን ካርታዎች መታተም ነበረባቸው። ሆኖም የባልንጀራውን ወረቀቶች አልጣላቸውም። በሌላ ሊቅ እጅ አስተካክሎ በ1775 ዓ.ም. አንዱን ስለ እንስሳት፣ ሌላውን ስለ ግብፅና ስለ ዐረብ ዕፅዋት አሳተመ፤ በተከታዩም ዓመት ሥዕሎቹን አወጣ።

መጻሕፍቱ እንከን አላጡም። ደራሲው ያላረማቸው በመሆናቸው በውስጣቸው የስም ስሕተቶችና ያልተሟሉ መግለጫዎች አሉ፤ የኋላ ሊቃውንትም ብዙ መመርመርና ማቃናት ግድ ሆኖባቸዋል። ያም ሆኖ ይህን ለማድረግ የቻሉት ናሙናዎቹ በከፊል በመትረፋቸው ነው። መቶ ያህል የደረቁ የአሣ ቆዳዎችና ከሺህ በላይ የሆኑ ዕፅዋት እስከ ዘመናችን በኮፐንሀገን ተጠብቀዋል። ሊኔየስም ለደቀ መዝሙሩ መታሰቢያ በጠጉሩ ከነካው ሁሉ ጋር ለሚጣበቅ አንድ የሳማ ዘመድ ተክል ፎርስካኦሊያ የሚል ስም ሰጥቷል፤ ተከታዩም የዝርያ ስም እጅግ የሙጥኝ የሚል ማለት ነው።

ፎርስኮል ከጅዳ ገበያና ከሉሐያ ዳርቻ አሣ ሲሰበስብ ሁለቱን ባሕሮች የሚያገናኝ ቦይ አልነበረም። በእርሱ መጽሐፍ የተገለጠው ሪቩላተስ የተባለው ቅጠል በሊታ አሣ ዛሬ በምሥራቃዊ ሜዲተራኒያን የድንጋያማ ዳርቻዎችን አልጌ እየጋጠ ይኖራል። ይህ አሣ ከቀይ ባሕር የመጣ ስደተኛ መሆኑን በእርግጠኝነት ለመናገር ከሚያስችሉት ማስረጃዎች አንዱ በ1762 ዓ.ም. የተጻፈው ማስታወሻ ነው። ወደብ ሲሠራ፣ ረግረግ ሲደፈን፣ ግድብ ሲገደብ፣ ከሥራው በፊት በቦታው የነበረውን በስሙ፣ በቍጥሩና በሥፍራው የመዘገበ ሰው ከሌለ የሥራውን ውጤት በኋላ መመዘን አይቻልም። መዝገቡም ለተተኪ የሚደርሰው ጽሑፉን የሚጠብቅ የሥራ ባልደረባ ሲኖር ነው። የፎርስኮል ትጋትና የኒቡር ታማኝነት ተደጋግፈው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሚያገለግል ሥራ ትተዋል።