ስኳርና የናስር ልብ

ስለ ገማል አብደል ናስር ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የስዊዝ ቦይ፣ የአስዋን ግድብና የ1967ቱ ጦርነት ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ልባቸውን ነው። ከስኳር በሽታ ጋር ከሚኖሩት አንዱ በመሆኔ፣ የእኚህን መሪ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ከፖለቲካቸው ይልቅ ጤናቸው ያሳስበኛል።

ናስር በ1918 በእስክንድርያ ከፖስታ ቤት ሠራተኛ አባት ተወለዱ። የጦር መኮንን ሆነው በ1948 ፍልስጤም ውስጥ ተዋጉ። በ1952 ንጉሥ ፋሩቅን ከዙፋን ያወረዱትን መኮንኖች መሩ፤ በ1956 ደግሞ የስዊዝን ቦይ የግብጽ ሀብት አደረጉ። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ከመሠረቱት መሪዎችም አንዱ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ለዓመታት የቆየ የስኳር በሽታ ነበረባቸው። በዚያ ላይ ሲጋራ አብዝተው ያጨሱ ነበር። የእግራቸው ሕመም ስለጠናባቸው በ1968 ሶቪየት ጆርጂያ ወደሚገኘው የጽካልቱቦ ፍልውሃ ለሕክምና ሄዱ። በ1969 ድንገተኛ የልብ ሕመም ያዛቸው፤ ለሕዝቡ የተነገረው ግን ኢንፍሉዌንዛ ነው ተብሎ ነበር።

ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የተደፈነ የደም ሥር ነው። ይህ ትክክል ቢሆንም ስኳር ልብን የሚጎዳበት ሌላም መንገድ አለው። ልብ ጡንቻ ብቻ አይደለም። በጡንቻዎቹ መካከል ፋይብሮብላስት የሚባሉ የተያያዥ አካል ህዋሳት አሉ፤ እነሱም ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ክር እየሠሩ ለልብ እንደ ማገር ይሆኑታል። የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ እንደ አንጂዮቴንሲንና ቲጂኤፍ ቤታ ያሉ ንጥረ ነገሮች እነዚህን ህዋሳት ይቀሰቅሷቸዋል። በመሆኑም ቁስል በሌለበት፣ ቁስል የሚጠግኑ ይመስል ኮላጅን ያከማቻሉ። ስኳሩ ራሱም ከኮላጅኑ ጋር ተጣብቆ ክሮቹን እርስ በርስ ያቆላልፋቸዋል፤ የተቆላለፈ ክር ደግሞ በቀላሉ አይወገድም። እንዲህ ያለው ልብ መምታቱን አያቆምም፤ ግን ይደነድንና ዘና ብሎ በደም መሞላት ያቅተዋል። በመጀመሪያ ባለቤቱ ምንም ላይሰማው ይችላል። አስፈሪነቱም እዚህ ላይ ነው።

ናስር ከሕመማቸው በኋላም ዕረፍት አላወቁም። በሴፕቴምበር 1970 ዮርዳኖስ ውስጥ በንጉሥ ሁሴን ጦርና በፍልስጤም ታጣቂዎች መካከል የተነሳውን ውጊያ ለማስቆም የዐረብ መሪዎችን ካይሮ ላይ ሰበሰቡ። ስብሰባው እንዳበቃ፣ በ28ኛው ቀን የኩዌትን አሚር ከአውሮፕላን ማረፊያ ሸኝተው ሲመለሱ ልባቸው ታመመ፤ በዚያው ምሽት በ52 ዓመታቸው አረፉ። በቀብራቸው ላይ ሚሊዮኖች ወጡ።

የሚገርመኝ፣ ስለ ስኳርና ልብ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከዚያ በኋላ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ሸርሊ ሩብለርና ባልደረቦቻቸው፣ የልባቸው የደም ሥር ሳይደፈን ልባቸው የደከመ 4 የስኳር ታማሚዎችን ታሪክ ያወጡት በ1972 ነው። በ1974 ደግሞ የፍራሚንግሃም ጥናት ስኳር ያለባቸው ወንዶች ለልብ ድካም ያላቸው ተጋላጭነት ከ2 እጥፍ በላይ፣ የሴቶቹም 5 እጥፍ መሆኑን አሳየ። በ2015 ኢምፓግሊፍሎዚን የተባለው መድኃኒት፣ ስኳርም የልብና የደም ሥር በሽታም ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ በልብ ድካም ሆስፒታል መግባትን በ35 በመቶ ቀነሰ።

ናስር አገር በእጃቸው ነበር፤ ይህ እውቀት ግን አልነበራቸውም። እኛ አገር ባይኖረንም እውቀቱ አለን። ስለሆነም ቢሮ ውለን ቢሮ የምናመሽ የስኳር ታማሚዎች፣ ደህና ነኝ ብለን የምንዘለው የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ለእግርና ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለልባችንም መሆኑን እናስታውስ።