ዐፄ ካሌብና በገመድ የተሰፉት መርከቦች

ከኢትዮጵያ ነገሥታት መካከል ስማቸው በምሥራቅም በምዕራብም አብያተ ክርስቲያናት የቅዱሳን መዝገብ የሰፈረ ጥቂቶች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ የታዜና ልጅ ዐፄ ካሌብ ናቸው። የንግሥ ስማቸው እለ አጽብሐ ነው፤ ምዕራባውያን ኤልስባን የሚሏቸው ይህንኑ ስም በአንደበታቸው ለውጠው ነው። ምእመናን በዘማችነታቸውና በመነኩሴነታቸው ያውቋቸዋል። በባሕር ዳር መርከብ ያሠሩባቸው ወራት ግን እምብዛም አይነገሩም።

በ523 ዓ.ም. (ዘመኑ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው) ከቀይ ባሕር ማዶ የነበረው የሕምያር ንጉሥ ዙ ኑዋስ የናግራንን ክርስቲያኖች አስፈጀ። ሽማግሌው ቅዱስ ኂሩት ከብዙ ወገኖቻቸው ጋር በዚያ በሰማዕትነት ዐረፉ። የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኖስም በእስክንድርያው ፓትርያርክ በጢሞቴዎስ በኩል ዐፄ ካሌብ እንዲዘምቱ ጠየቁ። ነገሩ የሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ የሕንድ ሸቀጥ የሚያልፍበት የባሕር መንገድም ለሁለቱ መንግሥታት ያሳስባቸው ነበር። ይህን መሸሸግ ለቅዱሱ ክብር አይጨምርም።

ሠራዊት ቢኖርም ባሕሩን የሚያሻግር በቂ መርከብ አልነበረም። የናግራን ሰማዕታት ገድል እንደሚተርከው ከነጋዴዎች 60 መርከቦች ተሰበሰቡ፤ ከአይላ 15፣ ከቁልዝም 20፣ ከዮታቤ 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፈረሳን 7፣ ከሕንድ 9። የቀሩትን 10 ንጉሡ ራሳቸው የአዱሊስ ወደብ በሆነችው በገበዛ አሠሩ። በዚያው ዘመን አዱሊስ የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ንጉሡ ለዘመቻ ሲዘጋጁ እንደ ነበር ጽፏል።

የዚያ ባሕር መርከቦች እንዴት ይሠሩ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፕዮስ ገልጿል። ሳንቃው ከሳንቃ ጋር የሚያያዘው በብረት ሚስማር ሳይሆን በገመድ ነበር፤ ቅጥራንም አይቀባም። በባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ዓለት ስላለ ነው የሚለውን ወሬ ጸሐፊው አልተቀበለውም፤ ምክንያቱ የብረት እጥረት ነው ይላል። የጊዲቾ ሰዎች በአባያ ሐይቅ ላይ ቀላል ግንዶችን አስረው የሚሠሩትን ታንኳ ያየ አንባቢ በዚህ አይደነቅም። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶችም ነገሩን ከወጣቶቻችሁ ጋር ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የሁለት ቀጫጭን ሳንቃዎችን ጠርዝ በትክክል አስተካክላችሁ አገጣጥሙ፤ ዳር ለዳር በስታችሁም በሲባጎ አጥብቃችሁ ስፉ፤ ከዚያም ውኃ ውስጥ አኑሩ። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቁ ይጠብባል። አንድ ሰው ሳንቃውን ካልያዘ ሌላው መስፋት እንደማይችልም ወጣቶቹ ወዲያው ይረዱታል። በገበዛ ሳንቃ የያዙትንና ገመድ የሳቡትን ሰዎች ስም ግን ገድሉም ሆነ ታሪክ ጸሐፊዎቹ አላቆዩልንም።

በ525 ዓ.ም. ከጰራቅሊጦስ በኋላ መርከቦቹ ተነሡ። ሕምያር ተሸነፈ፤ ዙ ኑዋስም ሞተ። ዐፄ ካሌብ አብያተ ክርስቲያናትን አሳደሱ፤ ከሀገሩ ተወላጆችም ሱሙያፋ አሽዋ የተባለውን ክርስቲያን አነገሡ። ሰላሙ ግን አልጸናም። በዚያ የቀሩት ወታደሮች ዐምፀው ሱሙያፋን አሰሩት፤ በምትኩም አብርሃን አነገሡ። ንጉሡ 3000 ሰው ቢልኩ ሠራዊቱ አዛዡን ገድሎ ከአብርሃ ጋር ተቀላቀለ፤ ሁለተኛውም ጦር ድል ሆነ። በድሉ ዜና ብቻ የሚያበቁ ተራኪዎች ይህን ይዘሉታል። እኔ ግን የንጉሡ የኋላ ሕይወት ያለዚህ ሽንፈት በሚገባ የሚታይ አይመስለኝም።

እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዐፄ ካሌብ መንግሥታቸውን ለልጃቸው ተዉ። ዘውዳቸውን በጌታችን መቃብር ላይ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላኩ። እርሳቸውም በአክሱም አቅራቢያ፣ በተራራው ላይ ወዳለው የአባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገብተው መነኰሱ። በሀገራችን ስንክሳር መታሰቢያቸው ግንቦት 20 ቀን ነው።