በሃያ ዓመቱ ሁለተኛ ደረጃ የገባው የታሪክ መምህር

በመኝታ ክፍላችን ማታ ማታ የማይቀር አንድ ጨዋታ አለ። የማትሪክ ውጤታችን ትንሽ ከፍ ቢልልን ኖሮ የት በደረስን ነበር እንባባላለን። ሃያ ዓመት ሞላን፣ እንግዲህ ምን ቀረን የምንልም ጥቂቶች አይደለንም። ስለዚህ ዛሬ፣ እኛ ባለንበት ዕድሜ ገና ሁለተኛ ደረጃ ስለ ጀመረ አንድ መምህር ልናወጋችሁ ወደድን። ስሙ ካርተር ጉድዊን ዉድሰን ነው። በአሜሪካ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ አባት የሚባለው እሱ ነው።

ዉድሰን እ.ኤ.አ. በ1875 በቨርጂኒያ ግዛት፣ ኒው ካንተን በተባለች ቦታ ተወለደ። አባቱም እናቱም በባርነት ኖረው ነፃ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ቤተሰቡ ድሃ ስለነበረ ልጁ እርሻ እየረዳ የሚማረው በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ጎረምሳ ሲሆንም ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሄዶ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ሆነ።

እዚያ ኦሊቨር ጆንስ የሚባል ጥቁር የማዕድን ሠራተኛ ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የዘመተ ሰው ነው። ጆንስ ራሱ ማንበብ አይችልም፤ ሆኖም ስለ ጥቁሮች የተጻፉ መጻሕፍትና ጋዜጦች በቤቱ ያጠራቅም ነበር። ማታ ሠራተኞቹ እዚያ ሲሰበሰቡ ዉድሰን ያነብላቸዋል፤ እነሱም ያዩትንና ያሳለፉትን ያወጋሉ። ዉድሰን ታሪክ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ እንደማይገኝ የተማረው በዚያች ቤት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እ.ኤ.አ. በ1895፣ ዕድሜው ወደ ሃያ ሲጠጋ፣ ሀንቲንግተን ከተማ በሚገኘው የዳግላስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጨርሶ የማዕድን ሠራተኞችን ልጆች ማስተማር ጀመረ። በ1900 ደግሞ በተማረበት በዚያው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነ። ታዲያ ዘገየ ይባላል?

ከ1903 እስከ 1907 በፊሊፒንስ አስተማረ። እዚያ ያየውን አንድ ነገር በኋላ ጽፎታል፤ ለእኛ ለእጩ መምህራን ትልቅ ትምህርት ነው። ከአሜሪካ የመጡት መምህራን አፕል አይተው ለማያውቁ ሕፃናት ስለ አፕል ዛፍ ያዘምሩ ነበር። ልጆቹ ምንም አልገባቸውም። ቀድሞ የኢንሹራንስ ሠራተኛ የነበረ አንድ መምህር ግን በአፕል ፋንታ የአገሬውን የሎምቦይ ዛፍ አስገባ። በጆርጅ ዋሽንግተን ፋንታም ስለ ፊሊፒንሱ ጀግና ስለ ሆዜ ሪዛል አስተማራቸው። ያን ጊዜ ክፍሉ ነፍስ ዘራ።

ዉድሰን ከዚያ በኋላ በቺካጎ ዩኒቨርስቲ ተማረ። በዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ እያስተማረ ጎን ለጎን ሲያጠና ቆይቶም በ1912 ከሃርቫርድ በታሪክ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለ። ከዱ ቦይስ ቀጥሎ ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያገኘ ሁለተኛው ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

ዲግሪው ግን አላስተኛውም። ምክንያቱም በዘመኑ የመማሪያ መጻሕፍት ጥቁር ሰው ከባሪያነት በቀር እምብዛም ቦታ አልነበረውም፤ አፍሪካም ታሪክ እንደሌላት ትቆጠር ነበር። ስለዚህ በ1915 የጥቁሮችን ሕይወትና ታሪክ የሚያጠና ማኅበር ከጓደኞቹ ጋር አቋቋመ። በ1916 የጥናት መጽሔት ጀመረ፤ ለመጀመሪያው እትም ገንዘቡ የወጣው ከራሱ ኪስ ነው። በ1926 የጥቁር ታሪክ ሳምንትን መሠረተ፤ ለመምህራንም ሥዕልና የማስተማሪያ ጽሑፍ ይላክላቸው ጀመር። ሳምንቱ በ1976 አድጎ የታሪክ ወር ሆነ፤ ዛሬም በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ይከበራል።

በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትምህርት ቤት ተማሪን ሊያንጽ እንደሚችል ሁሉ ራሱን እንዲንቅ ሊያደርገውም እንደሚችል አስረዳ። በ1937 ደግሞ በተለይ ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚሆን ቀለል ያለ መጽሔት አወጣ። ሚስት አላገባም፤ ቤቱ ቢሮውም ነበር። በዚያው በዋሽንግተን ቤቱ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1950 ዐረፈ።

እንግዲህ ጓደኞች፣ ነገ ዕጣ አውጥተን እንበተናለን። አንዳንዶቻችን የሚደርሰን ቦታ መኪና የማይገባበት፣ መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ የሆነበት ይሆናል። ያን ጊዜ ማማረር ይቀናን ይሆናል። ግን እስቲ ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጣ ብለን ከዛፉ ሥር የተቀመጡትን አባትና እናት እንጠይቅ። ማን ነበር እዚህ የኖረው? ይህ መንደር ስሙን ከየት አገኘ? የሰማነውን በደብተራችን እንጻፈው፤ ለልጆቹም እናስተምረው። ማንበብ ሳይችል ታሪክ የሚያጠራቅም ኦሊቨር ጆንስ በየቀበሌው አይጠፋም። የሚጠፋው ቁጭ ብሎ የሚሰማው መምህር ነው። እኛ ግን ሃያ ዓመታችን ነው፤ ገና ጊዜ አለን።