አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ እና የዘለዓለም ሕይወት መተማመኛ

የሰውን ልብ ከሚያስጨንቁት ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው፥ ከሞት በኋላ ዕጣዬ ምንድን ነው የሚለው ነው። ባለጸጋ በሀብቱ፥ ሊቅም በዕውቀቱ ይህን ጥያቄ ዝም ሊያሰኘው አልቻለም። በምእመናንም መካከል ሁለት ዓይነት ሰዎች እናያለን። አንዱ በጾሙና በምጽዋቱ ተመክቶ፥ መንግሥተ ሰማያትን እንደ አባቱ ርስት ቈጥሮ ያለ ፍርሃት ይኖራል። ሁለተኛው ደግሞ ኀጢአቱን ብቻ እየቈጠረ፥ እግዚአብሔር ይቀበለኛል ብሎ ማመን ይሳነዋል። ሁለቱም ከመንገድ ወጥተዋል፤ አንዱም ሌላውም የሚመለከተው ራሱን እንጂ አምላኩን አይደለምና። እውነተኛው መተማመን እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለመረዳት፥ በገዛ አገራችን የኖረውን የአንድ አባት ሕይወት እናስብ።

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የወሎን ደጋ አቋርጦ በቦረና ምድር ወደ መካነ ሰላም ይደርሳል። ስሟ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። አባ ጊዮርጊስ የተጠራበት የጋሥጫ ገዳምም የሚገኘው በዚሁ በቦረና ነው። ይህ አባት በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ሸግላ በሚባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን፥ እናቱም እምነ ጽዮን ይባሉ ነበር። አባቱ የተማረ ሰው ስለ ነበረ፥ ልጁ በትምህርት እንዲያድግ ፈልጎ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ወዳቀናው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ላከው።

በዚያም ያልታሰበ ፈተና ገጠመው። ገድሉ እንደሚተርከው፥ ለብዙ ዓመታት ቢማር ትምህርቱ አልገባ አለው። ጓደኞቹ ዜማውንና ንባቡን ሲዘልቁ እርሱ በፊደሉ ላይ ቀረ። መምህሩም ተስፋ ቈርጦ ወደ አባቱ ሰደደው፤ አባቱ ግን አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን ልጅ መልሼ አልወስድም ብሎ መለሰው። ከዚያ ወዲህ አባ ጊዮርጊስ ለመነኮሳቱ እህል እየፈጨ ያገለግል ጀመር። ቀን ከወፍጮ ሥር፥ ሌሊት ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ እያለቀሰ ይጸልይ ነበር። በመጨረሻም እመቤታችን ተገልጣ የዕውቀትን ጽዋ እንዳጠጣችው፥ አእምሮውም እንደ ተከፈተለት ይነገራል።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ጥቂት እንቆይ። አባ ጊዮርጊስ በወፍጮው አጠገብ በነበረበት ጊዜ የሚመካበት አንዳች ነገር አልነበረውም። ሰነፍ ተብሎ ነበር፤ የሚያሳየው ፍሬም አልነበረም። ነገር ግን ከእግዚአብሔር ቤት አልወጣም። አልችልም አለ እንጂ እግዚአብሔር አይችልም አላለም። መተማመን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ የራስን ጉድለት ሳይሸሽጉ፥ የሰጪውንም ቸርነት ሳይጠራጠሩ ደጅ መጥናት ነው።

ከዚህ በኋላ ሊቅነቱ ታውቆ በዐፄ ዳዊት ዘመን በቤተ መንግሥት ካህን ሆኖ አገለገለ። እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ሌሊት የሚቆመውን ሰዓታት የደረሰ እርሱ ነው። የዚህን ድርሰት ነገር ልብ ብንል፥ የዘለዓለም ሕይወት ተስፋ በአባ ጊዮርጊስ ዘንድ እንዴት ያለ እንደ ነበረ እንረዳለን። ሌሊት የሞት ምሳሌ ነው፤ ሰው ተኝቶ ለመንቃቱ ዋስትና የለውም። እርሱ ግን ያን የሚያስፈራውን ሰዓት የምስጋና ሰዓት አደረገው። ተስፋውን አንድ ቀን ተናግሮ የሚተወው ነገር ሳይሆን፥ በየሌሊቱ እንደ መብራት የሚያድሰው ነበር።

ሁለተኛው ፈተና ደግሞ ከሰው መጣ። በቤተ መንግሥት ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር ስለ ምሥጢረ ሥላሴና ስለ ዳግም ምጽአት ተከራከረ፤ የእምነቱንም ቃል አላለዘበም። በዚህ ጠንቅ ተከሶ ታሰረ። ትናንት በንጉሥ ፊት የተከበረው ካህን ዛሬ እስረኛ ሆነ። የእርሱ መተማመን በንጉሥ ሞገስ ላይ ተመሥርቶ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን በፈረሰ ነበር። ሆኖም ስለሚመጣው ፈራጅ የተከራከረ ሰው፥ የምድርን ፍርድ መታገሥ አልከበደውም። ቀዳማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1406 ዓ.ም. ገደማ በነገሠ ጊዜ ከእስራቱ ፈታው። የዚያ ንጉሥ ዘመን ግን አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ አለፈ፤ የምድር መጠጊያ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ከዚህ እናያለን።

አባ ጊዮርጊስ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፥ በሰኔ 1416 ዓ.ም.፥ መጽሐፈ ምሥጢር የተባለውን ታላቅ ድርሰቱን ፈጸመ። በእርሱም የሰባልዮስን፥ የአርዮስን፥ የንስጥሮስንና የሌሎችንም መናፍቃን ስሕተት እያፈረሰ የቀናችውን ሃይማኖት አስረዳ። ነገሩ የክርክር ብቻ አይምሰለን። የሚያድነን ማን እንደ ሆነ ካልታወቀ፥ መዳናችንም አይታወቅም። ክርስቶስ ፍጡር ቢሆን ኖሮ፥ ሟች ሟችን ሊያድን አይችልምና ተስፋችን ከንቱ በሆነ ነበር። ስለዚህ ሃይማኖትን ማቅናት የተስፋን መሠረት ማጽናት ነው። ይህን ሥራ ከፈጸመ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ኖሮ፥ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያንም ዕለቱን በየዓመቱ ታስበዋለች።

እንግዲህ እኛ ከዚህ ምን እንማር? በሥራው የሚመካ ወንድማችን፥ ይህን ያህል መጻሕፍት የደረሰ አባት እስከ መጨረሻው ምሕረትን ለማኝ ሆኖ መኖሩን ያስብ። ተስፋ የቈረጠች እኅታችንም፥ ያ ሊቅ አስቀድሞ ከትምህርት የተመለሰ እህል ፈጪ እንደ ነበረ ታስብ። መተማመናችን እግዚአብሔር ታማኝ ስለ ሆነ ነው። በጥምቀት የተወለድን፥ በቅዱስ ቍርባን የምንመገብ፥ ስንወድቅ በንስሓ የምንነሣ ልጆቹ ነንና፥ እንደ አባታችን እንደ አባ ጊዮርጊስ ሌሊቱን በምስጋና ጠብቀን ወደ ማይመሸው ቀን እንድንደርስ አምላካችን ይርዳን። አሜን።