የአበበ ቢቂላ ልብና እግር

አበበ ቢቂላን ሁላችንም የምናውቀው በባዶ እግሩ ነው። እኛ ዘንድሮ ስለ ልቡም ልንጽፍ ወደድን፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለን እንናገራለን።

ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አገሩ ደጋ፣ አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ ያደገ ልጅ ሰውነቱ በጥቂት ኦክስጅን መሥራትን ይለምዳል። አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ኋላም ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያሠለጥነው ጀመር። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ወርቅ አጠለቀ። ይህን አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ስለሚያወሩት አናስረዝመውም።

እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን ቶኪዮ ነው። ውድድሩ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ትርፍ አንጀቱ ታሞ በቀዶ ሕክምና ወጣለት፤ ልምምዱም ተቋረጠ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ሌሎቹ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ እርሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ብዙ ሰው ተአምር ይለዋል። በእኛ አስተያየት ለዓመታት የተገነባ ልብ በጥቂት ቀን ዕረፍት አይፈርስም፤ የሚጎዳውስ ዕረፍት ማጣት ነው።

ይህን በራሳችን ጥፋት ተምረናል። ባለፈው ዓመት ከስፖርት ቀናችን በፊት አንድ ልጃችን ደክሞኛል ቢለን ስንፍና መስሎን ገፋነው። በሁለተኛው ዙር ወደቀ። ደግነቱ በጥላና በውኃ ተሻለው፤ እኛ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ገዳሪፍ ደብረ ብርሃን አይደለችም። ከክረምቱ በፊት በሚሆነው ሙቀት ልብ ደሙን ለጡንቻውም፣ ለማቀዝቀዝ ለቆዳውም ማዳረስ ስላለበት በዚያው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ይመታል።

ስለዚህ ዘንድሮ ሯጮቻችን ጠዋት ከመኝታ ሳይነሱ በአንጓቸው ላይ ሁለት ጣት አሳርፈው የልብ ምታቸውን ለአንድ ደቂቃ ይቆጥራሉ፤ በደብተርም ይጽፋሉ። ዘወትር 60 የሚመታ ልጅ ሁለት ሦስት ቀን 68 ወይም 70 ካገኘ ያ ቀን የዕረፍት ቀኑ ነው። ከሩጫ በኋላም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምቱ ምን ያህል እንደሚወርድ እናያለን፤ ከወትሮው ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ድካም አለ ማለት ነው። ወላጆች ልብ በሉልን፤ እንቅልፍ ማጣትም፣ ቡናም፣ ወባም ምቱን ያስጨምራሉ። ትኩሳት ካለ ልጁን ወደ ሐኪም ቤት እንጂ ወደ ሜዳ አትላኩት። መሣሪያ አያስፈልግም። ሯጮች እጃቸው ላይ የሚያስሩት የልብ ምት መቁጠሪያ ፊንላንድ ውስጥ ተሠርቶ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ አበበ አላየውም።

ሆኖም የልብ ምት ሁሉን አይናገርም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ ሜክሲኮ ላይ ለሦስተኛ ወርቅ ሲነሣ እግሩ ተጎድቶ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ አመጣው። ጠንካራ ልብ የታመመ አጥንትን አይጠግንም። በደብተራችን ከምቱ ቀጥሎ ልጁ የት እንደሚያመው የሚጽፍበት ዓምድ የጨመርነው ይህን አስበን ነው።

ከሜክሲኮ አምስት ወር በኋላ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ መኪናው ተገልብጦ አበበ ዳግመኛ መራመድ አልቻለም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ። እዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ ኋላም ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በክንዱ ኃይል መንሸራተቻ እየነዳ ተሽቀዳደመ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ በቀብሩ ላይ ተገኙ፤ የአዲስ አበባ ሕዝብም ወጥቶ ሸኘው።